ለናታን የታዘዘው ካያክ

አውሮራ፣ ኮሎራዶ
መስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም.

ስለሺ፣

እንኳን አደረሰህ ብዬ ልጀምር አስቤ ብዕሩን አስቀመጥኩት። በፈጣን ፖስታ የላክከው ደብዳቤ ትናንት ከመብራትና ከኪራይ ወረቀቶች ጋር ደረሰኝ። ሱቁን ዘግቼ ከኋላ፣ ከበረዶ መንሸራተቻዎቹ መካከል ተቀምጬ ደጋግሜ አነበብኩት።

እግዚአብሔር ያጽናህ አልልህም፤ እንዳልል ለምነኸኛል። “አልተገኘም እንጂ ሞተ አልተባለም” ብለሃል። እሺ። እኔ ግን የተረዳሁትን በግልጽ ልጻፈው፤ ከተሳሳትኩ ታርመኛለህ። ናታን ነሐሴ 28 ብቻውን ወደ ባሕር ወጣ። በማግስቱ አሮጌው ካያኩ፣ ያ ጠባብ የመቅዘፊያ ጀልባ፣ ከባሕሩ ደሴቶች አጠገብ ተገልብጦ ተገኘ። ስልኩ ከጀልባው የዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ደረቅ ሆኖ ወጣ፤ ልጁ ግን የለም። አብሮህ ስለሚኖር የባሕር ጠባቂዎቹ ለአንተ ለአጎቱ ተናገሩ፤ ስልኩንም አስረከቡህ። እህትህ ዘርፈሽዋል፣ አንድ ልጇ መሆኑን እያወቅን፣ እስካሁን ምንም አታውቅም። እኔም እንድደብቃት ትፈልጋለህ።

በስልክ አንነጋገር ማለትህ ትክክል ነው። ዘርፈሽዋል ኤርፖርት የመንገደኞችን ዊልቸር በማትገፋበት ቀን ሁሉ እዚህ ሱቄ ውስጥ ናት፤ ስልኬን ከእኔ ቀድማ ታነሣለች። ወረቀት ግን አትነካም፤ የኔ ወረቀት ሁሉ የመንግሥት ይመስላታል።

ለጠየቅከኝ፦ አዎ፣ አዲሱ ካያክ ደርሷል። አንተ ደብዳቤውን ስትጽፍ በነበረበት ቀን ነው ከመኪና የወረደው። ረጅምና ቀጭን ፋይበርግላስ ነው፤ ከላይ ቢጫ፣ ከታች ነጭ። ከፊትም ከኋላም ውሃ የማያስገባ ክፍል አለው። አሮጌው ፕላስቲክ እዚህ አውሮራ ሪዘርቫር ሐይቅ ላይ ሲለማመድ የሸጥኩለት የሐይቅ ጀልባ ነበር፤ ሆዱን ፀሐይ አጉብጦታል። ለባሕር አይሆንም ብለነው፣ እሱም አምኖ፣ ይኼን አዘዘ። ለመስቀል መጥቶ መኪናው ላይ አስሮ ሊወስደው ነበር። እናቱም የምትጠብቀው ለዚያ ነው።

ዛሬ ለአዲስ ዓመት ዳቦ ይዛልኝ መጣች። ማታ ማታ የቀኑን ነገር በማስታወሻዬ የመጻፍ ልማዴን ታውቃለህ፤ ያለችውን እንዳለ ልገለብጥልህ፦

“አልጣሽ፣ ልጄ እንኳን አደረሰሽ አላለኝም።”

“የት ነኝ ብሎሽ ነበር?”

“ስለሺ ነው የነገረኝ። ስልክ የማይሠራበት ደሴት ላይ ጓደኞቹ ጋ ነው አለ። ምን ዓይነት ሰው ነው ለእንቁጣጣሽ ደሴት የሚሄድ?”

ሳቀች። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ምስጢሩን እስከ መስቀል እይዝልሃለሁ፤ ከዚያ በላይ አልችልም። ፍለጋው ምን ላይ እንደደረሰ፣ ከመስጠም የሚያድነውን ላይፍ ጃኬት ለብሶ እንደነበርና ለምን እንደምትደብቃት ጻፍልኝ። ሦስተኛውን መልስ ሳላውቅ መዋሸት ይከብደኛል።

አልጣሽ


ኤቨረት፣ ዋሽንግተን
መስከረም 5 ቀን 2018

ይድረስ ለእትዬ አልጣሽ፣

ለጤናዎ እንዴት ነዎት? እኔ እንዳለሁ አለሁ። ደብዳቤዎን ሥራ ቦታ ፓርክ አድርጌ መኪና ውስጥ ነው ያነበብኩት። ቤት ውስጥ ማንበብ አልቻልኩም፤ የናታን ጫማ በር ላይ ነው።

ፍለጋው ቆሟል። አንድ ነገር ከታየ እንደውልልሃለን አሉኝ። በዚያ ቅዝቃዜ ሰው ውሃ ውስጥ ስንት ሰዓት ይቆያል ብዬ ጠየቅኳቸው፤ ነገሩኝ፤ ምነው ባልጠየቅኩ። ላይፍ ጃኬቱ ቤት የለም፤ ስለዚህ ለብሶታል። ያን ቀን ማለዳ “አጎቴ፣ ላስት ራይድ ኢን ዚስ ባዝታብ” ብሎኝ ወጣ። በዚህ ገንዳ የመጨረሻ ጉዞዬ ማለቱ ነው፤ አሮጌውን ካያክ ገንዳ እያለ ነበር የሚጠራው። አዲሱ ሊመጣለት ስለሆነ ደስ ብሎት ነበር።

ለምን ትደብቃለህ ላሉኝ፦ ዘርፈሽዋል ይህን አጫውታዎት እንደሆነ አላውቅም። ታላቅ ወንድማችን በደርግ ጊዜ ወደ ጦር ሜዳ ሄዶ ጠፋ። ዓመት ሳይሞላ የቀበሌ ሰዎችና ጎረቤቶች በማለዳ መርዶ ይዘው መጡ። ሬሳ የለም፣ ያየ ሰው የለም፤ “ተሰውቷል” የሚል ቃል ብቻ። እናታችን ልብሱን አከፋፈለች፣ ተዝካሩን አወጣች፣ ምግብ እየተወች ሄደች፣ በሦስተኛው ዓመት ቀበርናት። ወንድማችን በዓመቱ ከምርኮ ተፈትቶ በእግሩ መጣ። በር ላይ ቆሞ “እማዬስ?” ሲል የመለስኩለት እኔ ነኝ፤ ገና ልጅ ነበርኩ። ዘርፈሽዋል ያኔ ሱዳን ነበረች፤ አላየችውም። እኔ ግን እናታችን ባልሞተ ልጇ ሐዘን ስትሞት አይቻለሁ።

ስለዚህ ሳላይ መርዶ አልናገርም። ሞኝነት ነው ይበሉኝ። እሱ ደሴት ላይ እሳት አንድዶ ተቀምጧል ብዬ አላስብም፤ ውሃውን አውቀዋለሁ። ግን አላየሁም።

ካያኩን ከዓይኗ ያርቁልኝ። ካየችው ነገ ይምጣና ይውሰድ ትላለች። እርስዎ ነጋዴ ነዎት፤ ምክንያት አያጡም።

ይቅርታዎን እየለመንኩ፣
ስለሺ


አውሮራ
መስከረም 9 ቀን 2018

ስለሺ፣

የእናታችሁን ነገር አላውቅም ነበር። ካፒቶል ሂል ሰፈር አንድ ክፍል ውስጥ ከእህትህ ጋር ሁለት ዓመት ስንኖር፣ በአሥራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ ስንመላለስ፣ “እናቴ በሕመም ሞተች” ብቻ ነበር የምትለኝ። አሁን ለምን እንደፈራህ ገባኝ። ትክክል ነህ አላልኩም፤ ገባኝ ነው ያልኩት። ወንድማችሁን የወሰደው ጦርነት ሰው ይማርካል፤ ባሕር ግን አይማርክም።

ምክንያት አያጡም ብለሃል። ያጣሁትን ልንገርህ።

መጀመሪያ ካያኩን ከመጋረጃው ኋላ በካርቶን ሸፈንኩትና “ቀለሙ ተሳስቶ መጣ፤ ሊመለስ ነው” አልኳት።

“ምን ዓይነት መጣ?”

“ሮዝ።”

“ታዲያ ምናለበት? ሊቀዝፈው ነው እንጂ ሊያገባው ነው?”

ደንበኛ ላስተናግድ ዘወር ስል መጋረጃውን ገለጠችና ካርቶኑን በጣቷ ቀደደች። “አልጣሽ! ይኼ በየትኛው አገር ነው ሮዝ የሚባለው? ዓይንሽን ታይተሻል?” መብራቱ አሳስቶኝ ነው አልኩ። ለሃያ ሁለት ዓመት ዕቃ የሸጠ ሰው ቢጫን ሮዝ ሲል መብራቱ አሳሳተኝ ይላል!

ቀጥሎ መሪው ጎድሏል አልኩ፤ ከኋላ ያለው፣ በእግር የሚታዘዘው። በማግስቱ የፋብሪካውን ስልክ ከካርቶኑ ላይ ጽፋ ወስዳ፣ ኤርፖርት ውስጥ ዊልቸር የምትገፋለትን አንድ ሽማግሌ አስደውላ መጣች። “ሁሉም ተሟልቶ ነው የተላከው ብለውታል። ሰውየው ጡረታ የወጣ ዳኛ ነው፤ ክሰሻቸው ብሎኛል። አንቺን ነው ወይስ እነሱን?”

በመጨረሻ ቀሪውን ሒሳብ ልትከፍል ገንዘብ አወጣች። አልቀበልም አልኳት። ያን ጊዜ ነው ትክ ብላ ያየችኝ።

“ገንዘብ አልቀበልም አልሽኝ?”

“ልጁ ሲመጣ ይከፍላል።”

“አልጣሽ፣ ታመሻል እንዴ? ደም ግፊትሽን ተለክተሻል?”

ብሩን ጠረጴዛው ላይ ጥላልኝ፣ የወንበሩን አቧራ በነጠላዋ ጠርጋ፣ ካያኩ አጠገብ ተቀመጠች። አልነካካችውም። ከጫፍ እስከ ጫፍ አየችው። ከዚያ “ረጅም ነው እኮ፤ እግሩ ይዘረጋበታል” አለች። ያ አሮጌው እግሩን እንደሚያሳጥፈው ሲያማርር ሰምታ ኖሯል።

ውሸት እንደ ዕቃ ነው አልልህም፤ ዕቃ ቢያንስ ይሸጣል። የቀረኝ አንድ ሳምንት ነው። ፋብሪካው በነሐሴ መጀመሪያ እልካለሁ ያለውን ካያክ በሰዓቱ ቢልክ ኖሮ የሚለውን ሐሳብም ወደ ራስህ አታስገባ፤ እኔ ጀምሬው አይቻለሁ፤ መጨረሻ የለውም።

ለመስቀል ሳይመጣ ሲቀር ራሷ ትጠይቃለች። ከዚያ በፊት እዚህ ና። መርዶውን አንተ ወንድሟ ባለህበት በወጉ እንንገራት። የምለምንህ ይህንኑ ነው።

አልጣሽ


አውሮራ
መስከረም 12 ቀን 2018

ስለሺ፣

መልስህን ሳልጠብቅ ነው የምጽፈው።

ትናንት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዘርፈሽዋል ስልኳን ከፍ አድርጋ ይዛ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ከሰው ሰው ትዞር ነበር። ለሁሉም አስነበበች፤ ለእኔም፣ ለቀሲስ ጳውሎስም። ከናታን ስልክ የመጣ መልእክት ነው። ቃሉ ይኼ ነው፦ “እማዬ ደህና ነኝ። ኔትወርክ ስለሌለ መደወል አልቻልኩም። ለመስቀል ሥራ ስላለብኝ አልመጣም። አታስቢ። እወድሻለሁ።”

በአማርኛ፣ ስለሺ። በፊደል።

“ስንት ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ እጁን እየጎተትኩ ፊደል ያስቆጠርኩት!” ትላለች። “‘ኦኬ ማም’ ከማለት በስተቀር አንድ ቀን ጽፎልኝ አያውቅም። ለካ ያውቅ ነበር! ለካ ሁሉን ያውቅ ነበር!” ቀሲስ ጳውሎስን እጃቸውን ይዛ “አባቴ፣ ይመልከቱ፣ ‘እወድሻለሁ’ ብሎ ጽፏል” ስትላቸው እሳቸው ደስ ብሏቸው መረቋት። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

አንተ አይደለህም በለኝ። ሌላ ሰው ነው፣ ስልኩ ጠፍቷል፣ የፈለግከውን በለኝ።

አልጣሽ


ኤቨረት
መስከረም 14 ቀን 2018

እትዬ አልጣሽ፣

እኔ ነኝ።

ሰላምታ ልጽፍ አልደፈርኩም። ይቅር ይበሉኝ፤ ባይሉኝም አልፈርድብዎትም።

ስልኩን ቻርጅ አድርጌው ነበር፤ ምናልባት ጓደኞቹ ይደውላሉ፣ ያየ ሰው ይኖራል ብዬ። የመክፈቻ ቁጥሩን አውቀዋለሁ፤ እንግዳ ሲመጣ ሙዚቃ ክፈትልኝ እያለ ሰጥቶኝ ነበር። እሷ በየቀኑ ትልክለታለች። የበላችውን፣ ኤርፖርት ያገኘችውን ሰው፣ የካያኩን ፎቶ። ስልኩ ጠረጴዛዬ ላይ ይንቀጠቀጣል። ቅዳሜ “ልጄ ካልመለስክልኝ ፖሊስ ጋ እሄዳለሁ” የሚል መጣ። ፖሊስ ጋ ከሄደች ባለ ዩኒፎርም በእንግሊዝኛ ሊነግራት ነው ብዬ ፈራሁ። እንድትረጋጋ ብቻ ነበር።

በአማርኛ ለምን ጻፍክ እንደሚሉኝ አውቃለሁ። እሱ እንዴት እንደሚጽፍላት አላውቅም። ወደ ላይ ገፍቼ የበፊቱን ባነብ ኖሮ አውቅ ነበር፤ አልቻልኩም፣ የእሱን ድምፅ የምሰማ መሰለኝ። እናት በምን ይጻፍላታል? በአማርኛ ነው። እኔ ለእናቴ ብጽፍ እንደዚያ ነበር የምጽፈው። እናቴ ልጅ ሳለሁ፣ ደብዳቤ ከእኔ ሳታገኝ ነው የሞተችው።

ትናንት ደግሞ “አንተ ካልመጣህ እኔ አመጣልሃለሁ” የሚል መጥቷል። ምኑን ነው የምታመጣው? እባክዎ ይንገሩኝ። አልመለስኩላትም፤ ሁለተኛ አልመልስም። ስልኩን አጥፍቼ ከላይፍ ጃኬቱ መስቀያ በታች አስቀምጬዋለሁ።

ስለሺ


አውሮራ
መስከረም 16 ቀን 2018

ስለሺ፣

የምታመጣው ካያኩን ነው።

ከቤተ ክርስቲያናችን ኢዛና የሚባል ትራክ ነጂ አለ፤ በየሁለት ሳምንቱ በእናንተ በኩል ወዳለው ታኮማ ይጭናል። ጭነቱ ትራኩን ስለማይሞላው ለካያኩ ቦታ አለኝ ብሏታል፤ እሷንም ጋቢና አስቀምጦ ኤቨረት ድረስ ሊያደርሳት ነው። ከሥራ ፈቃድ ወስዳለች። ሰኞ ማለዳ ይነሣሉ። ልጇ በፊደል ስለጻፈላት የምትሰጠው ሽልማት ነው፤ እንዲህ ብላ ነው የምትናገረው። አንተ እሷ እንድትረጋጋ ብለህ የላክከው መልእክት ነው ለጉዞ ያስነሣት።

ዛሬ ከኢዛና ጋር መጥተው ካያኩን ለክተው ሄዱ። ለመጨረሻ ጊዜ ልከላከል ሞከርኩ።

“ዘርፌ፣ በትራክ ሲንገጫገጭ ይሰነጠቃል።”

“ፍራሽ አነጥፍበታለሁ።”

“ባትነግሪው ይደነግጣል።”

“ይደንግጥ! ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ እኔን ሲያስደነግጠኝ አልነበር?” ወደ ኢዛና ዞራ “ይቺን ሴትዮ አየሃት? ዕቃ ከሱቋ ሲወጣ እንዲህ የሚከፋት ነጋዴ አይተህ ታውቃለህ?” አለችው። ሳቁብኝ። በሩን ያዝኩላቸው።

አሁን የምጽፈውን ልጠይቅህ ሳይሆን ላሳውቅህ ነው። ሰኞ ሊነጋጋ ሲል፣ ኢዛና ከመድረሱ በፊት፣ ቤቷ እንገባለን። ዛሬ ከሰዓት ቀሲስ ጳውሎስ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። የመረቁትን መልእክት ማን እንደጻፈው ሲሰሙ መስቀላቸውን ጨብጠው ተቀመጡ። ከዚያ “የጸሎቱን ነገር ለእኔ ተዉት። እናንተ ሰው ሰብስቡ፤ ብቻዋን እንዳትሰማ” አሉኝ። ለኢዛናም ነግሬዋለሁ፤ ትራኩን ያመጣል፤ ካላመጣው ትጠረጥራለች። የመስቀልን በዓል ደስ ብሏት ትዋል፤ ያን አልወስድባትም።

ይህ በአንድ ቀን በሚደርሰው ፖስታ የሚሄድ ነው። ነገ ታገኘዋለህ። እሑድ አውሮፕላን አለ። ና። ሬሳ ባናገኝም ወንድሟ ይገኝ። ዛሬ ሁለት ጊዜ ደወልኩልህ፤ በደብዳቤ ብቻ ስላልከኝ ይሆናል ያላነሣኸው።

አልጣሽ


አውሮራ
መስከረም 19 ቀን 2018፣ ሰኞ ቀትር

ስለሺ፣

እሑድ ማታ ኤርፖርት ሄጄ ጠበቅኩህ፤ ከሲያትል የመጣው የመጨረሻ አውሮፕላን ሰው አልቆ እስኪዘጋ። አልመጣህም። ደወልኩ፤ አላነሣህም። ለምን እንደሆነ አልጠይቅህም።

ሊነጋጋ ሲል ደረስን። ጥቁር የለበስነውን ከላይ በካፖርት ሸፍነን ነበር። መብራቷ በርቷል። በሩን ሳናንኳኳ ከፈተችው፤ ሹራብ ለብሳ፣ አዲስ ጫማ አድርጋ፣ ሻንጣዋ ከጎኗ ቆሞ። ደረጃው ላይ የተደረደርነውን ሰዎች አየችና እጆቿን አፏ ላይ አደረገች።

“ይኼ ሁሉ ሰው እኔን ለመሸኘት?”

ቀሲስ ከኋላችን ወደ ፊት ወጡ።

“ቀሲስም መጡ! አባቴ፣ ጀልባዋን ሊባርኩልኝ ነው? እንዲህ በብርድ! ግቡ፣ ግቡ እንጂ፣ ምን ታያላችሁ? አልጣሽ፣ ዳቦው ሻንጣው ውስጥ ነው፣ የናታን ነው፤ ግድ የለም ቁረሺላቸው።” ወንበር ልታመጣ ወደ ውስጥ ሮጠች። እየሮጠች ትስቅ ነበር።

ከዚያ የሆነውን አልጽፍልህም። እዚህ ብትሆን ኖሮ ታየው ነበር።

የምጽፍልህ ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ድምፅዋ ካለቀ በኋላ፣ ሴቶቹ እንደያዟት፣ ስልኳን አምጡልኝ አለች። ሰጠናት። መልእክቱን ከፍታ አየችው። ስለ ባሕሩ አልጠየቀችም፤ ስለ አሮጌው ጀልባም፣ ስለ ቀኑም አልጠየቀችም። “ይኼንስ ማነው የጻፈው?” አለች።

ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ መሬት አየ። እኔ ለማንኛውም ደንበኛ መልስ የማላጣው ሴትዮ መሬት አየሁ። አውቅ ነበር፤ መልሱን መስጠት ያለበት ግን ሌላ ሰው ነበር። እሷ ግን ተራ በተራ ሁላችንን አየችን፤ ከመካከላችን የጎደለውን ሰው ያኔ ያገኘችው ይመስለኛል።

ስምህን አልጠራችም። ተነሣች፣ ነጠላዋን አዘቀዘቀች፣ ኢዛናን ሞተሩን አስነሣ አለችው። ሁላችንም ተቃወምን። ቀሲስ ሳይቀሩ “ልጄ፣ ቢያንስ ሦስቱን ቀን ተቀመጪ፣ ሰው ያስተዛዝንሽ” አሏት።

“ልጄ ባለበት እቀመጣለሁ” አለች።

“ካያኩን እንኳ ተይው” አልኳት።

“ምን ያደርግልኛል እዚህ? እዚህ ባሕር አለ?”

ስለዚህ ካያኩ ትራኩ ውስጥ ነው፤ ባነጠፈችለት ፍራሽ ላይ ታስሯል። ሱቄን ዘግቼ አብሬያት ልሄድ ፈልጌ ነበር፤ ጋቢናው ሁለት ሰው ነው የሚይዘው፤ እሷም አልፈቀደችም። ረቡዕ ይደርሳሉ። ኢዛና በየመቆሚያው ይደውልልኛል። ልጁ ደግ ነው፤ ዝም ማለት ይችልበታል።

ይህን በፖስታ ብልከው እሷ ትቀድመዋለች። ሞተሩ እየሠራ ስለሆነ ቶሎ እጨርሳለሁ፤ በእጇ እሰጣታለሁ። ፖስታውን አላሸግኩትም። መንገድ ላይ ብታነበው ታንብበው፤ ከእንግዲህ ከእሷ የተደበቀ ወረቀት አይኖረኝም።

ይህን እያነበብክ ከሆነ ፊት ለፊትህ ቆማለች። ለእኔ አትጻፍልኝ። ደብዳቤውን አስቀምጥና የጠየቀችውን መልስላት።

አልጣሽ